ጎንደር ላይ ግቢ ማስሞላት፦ ነፃ አፈር፣ ፍርስራሽ፣ ገረጋንቲ ወይስ ጭራሽ አለመሙላት?

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ቁፋሮ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። መንገድ ይሰፋል፣ የድሮ ቤት ይፈርሳል፣ የፎቅ መሰረት ይቆፈራል፣ የወጣው አፈር ደግሞ የሆነ ቦታ መገልበጥ አለበት። ሲኖትራክ የሚነዳ ልጅ ሩቅ ሄዶ ነዳጅ መጨረስ ስለማይፈልግ ተዳፋት ግቢ ወይ ጎድጓዳ ቦታ ያለው ሰው ካየ ቆም ይልና «ጋሼ አፈር አለን፣ ልገልብጥልዎት? የነዳጅ ብቻ ይስጡን» ይላል፣ ሰውየውም ግቢዬ ሊስተካከልልኝ ነው ብሎ ደስ ይለዋል።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግንቦት ላይ 11 ቢያጆ (የመኪና ምልልስ) አስገለበጥኩ፣ ከላይ የሚታየው ቀይ አፈር ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ ከስር ያለው ግን ዋልካ፣ ማለትም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር አፈር መሆኑን ያወኩት ሐምሌ ላይ ነው። የሞላሁት ከታች ባሉት ጎረቤቴ አጥር በኩል ነበር፣ ዝናቡ ሶስት ቀን ሳያባራ ሲዘንብ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ አበጠና የብሎኬት አጥራቸውን ገፋው። ጠዋት ሄጄ ሳየው ግንቡ መሃል ላይ ሆዱን ነፍቷል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ ከስሩ ድፍርስ ውሃ እየተንዠቀዠቀ ወደ ጓዳቸው ይገባል። እትዬ በራቸው ላይ ቆመው «ልጄ፣ ምን አደረኩህ?» አሉኝ፣ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። አጥሩን አፍርሼ ለማሰራትና አፈሩን መልሼ ለማስጫን ያወጣሁት ብር ከመጀመሪያው ጥሩ ማቴሪያል ብገዛ ከማወጣው በላይ ሆነ፣ እሳቸው ጓዳ ገብቶ የተበላሸው እህል ደግሞ በብር የሚተመን አይደለም።

ከዛ በኋላ ነገሩን ከፎርማን፣ ከሰርቬየር፣ ከክፍለ ከተማ ሰዎች እየጠየኩ፣ ህጉንም እያነበብኩ ቆየሁ። ግቢ ልትሞሉ ያሰባችሁ፣ ወይ ደግሞ ቤት አፍርሳችሁ ፍርስራሹን የት እንደምታደርሱት ግራ የገባችሁ ካላችሁ አማራጮቹን እንዲ ነው የማያቸው።

ከአፈሩ በፊት ቦታው

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የአፈሩን ዋጋ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን መሬታችሁ በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተመደበ ነው፣ ምክንያቱም ያው አንድ ቢያጆ አፈር አንዱ ቦታ ላይ ችግር የለውም፣ ሌላው ቦታ ላይ ግን ያስከስሳል። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሰረት መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላኑ ነው፣ ከሱ ስር ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። እጃችሁ ላይ ያለው ካርታ ወሰናችሁን ይነግራችኋል እንጂ ከአጥራችሁ ውጪ ያለው ነገር፣ የሚመጣው መንገድ ከፍታ፣ የውሃ መውረጃው፣ የወንዝ ዳር አረንጓዴ ቦታው ሁሉ ካርታው ላይ አይታይም። እሱን ክፍለ ከተማ ሄዶ ፕላኑን ከፍተው እንዲያሳዩ መጠየቅ ነው፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። በተለይ የመንገዱን ከፍታ ጠይቁ። ሰው ግቢውን ሞልቶ ቤቱን ከሰራ በኋላ መንገዱ ሲሰራ ከፍ ብሎ ይመጣና ግቢው መልሶ ጉድጓድ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ መንገዱ ተቆርጦ ዝቅ ይልና በሩ አየር ላይ ይቀራል።

የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። ቤት ልትሰሩ ፈቃድ የምታወጡ ከሆነ ሙሌቱም የድጋፍ ግንቡም ዲዛይኑ ላይ እንዲሳል አድርጉ፣ አሁን ያለው የመሬት ከፍታና የሚሆነው ከፍታ ሁለቱም ይታይ። እኔ ያየሁት ስህተት ሰው የቤቱን ፕላን ብቻ አጸድቆ አፈሩን ግን በአፍ ስምምነት ያስገለብጣል፣ ከጎረቤት ጋር ክርክር ሲመጣ የሚያሳየው አንድ ወረቀት የለውም።

ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ግን አትሙሉ። ቀሃ ዳር፣ አንገረብ ዳር፣ ሽንታ ዳር ያላችሁ ሰዎች ይሄን በደንብ ስሙኝ። ፍርስራሽ እየገለበጡ ግቢን ወደ ወንዙ መግፋት የተለመደ ነገር ሆኗል፣ ሁለት ሜትር አገኘሁ ይባላል። ያ ሁለት ሜትር የእናንተ አይደለም፣ ካርታ ውስጥም አይገባም፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ጠቦበት ወይ ማዶ ያለውን ሰው ቤት ይበላል ወይ የገለበጣችሁትን ጠራርጎ ይወስደዋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ 300/1995ም አለ። ከህጉ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው፣ አንገረብ ግድብ የምንጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፣ ደለል ደግሞ የግድቡ የቆየ በሽታ ነው። ከግድቡ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የተገለበጠ ልቅ አፈር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወርዶ የሚገባው እዛው ውስጥ ነው። የቀሃ ደግሞ ዞሮ ዞሮ መገጭ ወንዝ ገብቶ ጣና ነው የሚደርሰው።

የቅርስ ቦታዎች አካባቢ ሌላ ህግ አለ። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግንቡ ብቻ አይደለም የተመዘገበው፣ የፋሲል መዋኛው፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴም አብረው ነው። እነዚ አካባቢ መቆፈርም መሙላትም ከቅርስ ባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ አይደረግም፣ የቅርስ አዋጁ 209/1992 ሲቆፈር የቆየ ነገር ከተገኘ ሳይነካ ተጠብቆ ወዲያው ሪፖርት ይደረግ ይላል። እና አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ጎንደር ውስጥ የቆየ ግቢ ስታፈርሱ በኖራ የተያያዘ የድሮ ድንጋይ ካገኛችሁ ከብሎኬት ፍርስራሽ ጋር አታስጭኑት። ነጭ ኖራው ድንጋዩ ላይ እንደተጣበቀ ይታወቃል። ለሲኖው ሹፌር ድንጋይ ነው፣ ለኛ ግን የአባቶቻችን እጅ ያረፈበት ነው፣ ሰው ጠርታችሁ አሳዩት።

አዘዞ አካባቢ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሜዳና ጥቁር አፈር የሆነበት ቦታ ላይ ውሃው የሚሄድበት የለውም፣ አንዱ ግቢውን 60 ሳንቲም ከፍ ሲያደርግ የሱ ውሃ ወደ ጎረቤት ይገባል፣ ጎረቤቱም በተራው ይሞላል፣ እንዲ እየተባለ መጨረሻ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሞልቶ መንገዱ ቦይ ይሆናል። እዛ ከሆናችሁ ብቻችሁን አትወስኑ፣ በአንድ መንገድ ላይ ያላችሁ ጎረቤቶች ተሰብሰቡና መጀመሪያ ቦዩን ተነጋገሩ።

ከከተማ ዳር ያለ የገበሬ መሬት ላይ መገልበጥም እየበዛ ነው፣ ሹፌሩ ለገበሬው ትንሽ ብር ይሰጠውና ይገለብጣል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ባለይዞታው መሬቱን ተንከባክቦ መያዝ ግዴታው እንደሆነ ያስቀምጣል፣ አረንጓዴ ደብተር ያለው ሰው ማሳው ላይ ፍርስራሽ ካስገለበጠ ችግሩ ወደሱም ይመጣል። ለም አፈር ከላይ ያለችው ትንሽ ንብርብር ናት፣ እሷ ከተቀበረች ጤፉ የሚበቅልበት የለውም።

አሁን ወደ አፈሩ

በግምት እንነጋገር። 10 በ12 ሜትር ቦታ በአማካይ 1 ሜትር ከፍ ይበል ካላችሁ ተጠቅጥቆ 120 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፣ መኪና ላይ ያለው ልቅ አፈር ስለሆነ ከ25 እስከ 30 ፐርሰንት ጨምሩበት፣ 150 ምናምን ይሆናል፣ 16 ኩብ በሚጭን ሲኖ 10 ቢያጆ አካባቢ ማለት ነው። እርጥብ ሲሆን ክብደቱ ከ200 ቶን ያልፋል። ይሄ ሁሉ ክብደት ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ወደ ታች እየገፋ ነው የሚኖረው፣ ግንቡ ደግሞ 1 ሜትር የነበረው 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ 4 እጥፍ ነው። የብሎኬት አጥር ለዚ የተሰራ አይደለም፣ የኔ ጎረቤት አጥር ያልቻለው ለዛ ነው።

ነፃ የቁፋሮ አፈር። ጥቅሙ ዋጋው ብቻ ነው። ቤት የማይቆምበት ቦታ፣ ለጓሮ አትክልት፣ ለግቢ ማስተካከያ፣ ያውም ከ50 ሳንቲም ለማያልፍ ሙሌት እቀበለዋለሁ፣ ግን አፈሩን ከተቆፈረበት ቦታ ሄጄ አይቼ ነው። ግድግዳውን ስታዩት ከላይ እስከ ታች ምን ምን እንዳለ ይታያል። ከተገለበጠ በኋላ ማየት አይጠቅምም፣ ሹፌሩ ከየትኛው ጥልቀት እንደጫነ አታውቁም። ዋልካ መሆኑን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ በውሃ አርሳችሁ እንደ ሊጥ እሹትና አድቦልቡላችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፣ ዋልካ ከሆነ ይኮማተራል ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሆናል። እንደዛ ያለ አፈር ከቤት ስርም ከግንብ ኋላም አይግባ፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሸሻል፣ ቤታችሁ በየዓመቱ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል።

ፍርስራሽ። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፍርስራሽ ሲባል አንድ አይነት ነገር ይመስለናል። ኮንክሪት፣ ድንጋይ፣ ሸክላ ጡብ፣ ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ እነዚ አይበሰብሱም አይሟሙም፣ ብረታቸው ወጥቶ በትናንሽ ከተሰበሩ ለሙሌት ይሆናሉ፣ ለሃርድኮር (ከወለል ስር ለሚነጠፍ ድንጋይ) የሚጠቀምባቸውም አለ። የኛ አገር የድሮ ቤት ግን አብዛኛው ጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው እንጨት፣ ማገር፣ ጭድ ያለበት ጭቃ፣ ዝጎ የተበላሸ ቆርቆሮ ነው። ይሄ ሲቀበር እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይጠራል፣ ባዶ ቦታ ይፈጠርና ከላይ ያለው ይሰምጣል። አንድ ዘመዴ ማራኪ በኩል እንደዚ ሞልቶ ከላዩ ሲሚንቶ አስፈሰሰ፣ በሁለተኛው ክረምት በረንዳው ላይ ስትረግጡት እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር፣ ከስሩ አፈሩ ሸሽቶ ሲሚንቶው ብቻውን ነው የቀረው።

ሌላው ጂፕሰም ነው። አዳዲስ ቤቶች ኮርኒሳቸው ጂፕሰም እየሆነ ነው፣ ሲፈርስ ነጭ ስለሆነ ከኖራ ጋር አብሮ ይጣላል፣ ግን ጂፕሰም ከአፈርና ከብስባሽ ጋር ተቀብሮ ውሃ ሲያገኝ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፣ በተዘጋ ቦታ ሲጠራቀም ደግሞ መርዝ ነው። የቀለም ቆርቆሮ፣ ፌስታል፣ የዘይት አፈር ከጋራዥ የመጣ፣ እነዚ የትም ሙሌት ውስጥ አይገቡም። የድሮ ኤተርኒት ጣሪያ ካገኛችሁ አትስበሩት፣ አዝቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ውሃ እየረጫችሁ ሙሉውን አንሱትና ለይታችሁ ለከተማው ጽዳት ሰዎች ተናገሩ።

የግንባታ ፍርስራሽ ከቤት ቆሻሻ ተለይቶ መታየት ያለበት መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም፣ የደረቅ ቆሻሻ አዋጁ 513/1999 ላይ ለብቻው አንቀጽ ነበረው። ስለዚ «ድንጋይ ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚለው ክርክር ክፍለ ከተማ ውስጥ አያዋጣም።

ገረጋንቲ ወይ ሰሌክት መግዛት። ለሙሌት ተመርጦ ከማውጫ የሚመጣ ጠጠራማ አፈር ነው። ውድ ነው፣ ግን ከቤት ስርና ከግንብ ኋላ የሚገባው ይሄ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ አያብጥም፣ ሲጠቀጠቅ ይያያዛል። እዚህ ላይ ሰው የሚሰስተው ግዢው ላይ አይደለም፣ ጥቅጠቃው ላይ ነው። 1 ሜትር በአንዴ ገልብጦ ከላይ ብቻ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) መምታት ስራ አይደለም፣ ከስር ልቅ ሆኖ ይቀራል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 10 ሳንቲም ቢሰምጥ አትገረሙ። 20 ሳንቲም ታነጥፋላችሁ፣ ትንሽ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ ትጠቀጥቃላችሁ፣ ከዛ ሌላ 20። እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል፣ ጨብጣችሁት ከተያያዘና ውሃ ካልወጣው ልክ ነው። ብር ካጠራችሁ ሁሉንም በገረጋንቲ መሙላት የለባችሁም፣ ቤቱ የሚያርፍበትንና ከግንብ ኋላ ያለውን በገረጋንቲ፣ የቀረውን ጓሮ ባያችሁትና በፈተናችሁት የቁፋሮ አፈር።

አለመሙላት። ይሄን አማራጭ ማንም አያነሳውም፣ እኔ ግን አሁን ብሰራ የምመርጠው ይሄን ነው። ጎንደር ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ተዳፋቱን ሜዳ ለማድረግ ከመታገል መሰረቱን በደረጃ ማውረድ ይቻላል፣ ወይ ደግሞ በሙሌት የምትደፍኑትን ቦታ ምድር ቤት አድርጋችሁት አንድ ሁለት ክፍል ይወጣዋል። ለሙሌት፣ ለድጋፍ ግንብና ለጥቅጠቃ የሚወጣውን ብር ደምሩትና ከምድር ቤቱ ግንባታ ጋር አወዳድሩት፣ ከ1.5 ሜትር በላይ መሞላት ያለበት ቦታ ላይ ልዩነቱ ከምታስቡት በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ይከራያል፣ አፈር አይከራይም። ከላይኛው በኩል የተቆረጠውን ለታችኛው ተጠቅሞ እኩል ማድረግም አለ፣ ያኔ የሚገባም የሚወጣም መኪና የለም፣ የግቢያችሁ አፈር ዋልካ ካልሆነ በጣም ጥሩ ነው። ግቢ ውስጥ የቆየ ወይራ ካለ ግንዱን በአፈር አትክበቡት፣ ሥሩ አየር ሲያጣ ቀስ በቀስ ይደርቃል።

አፈር የሚያስወጣው ሰውስ?

እናንተ የምታስወጡት ወገን ከሆናችሁ ምርጫው አጭር ነው። ከተማው የፈቀደው መድፊያ የት እንደሆነ በጽሁፍ ጠይቁና ወደዛ ላኩ፣ ርቀቱ የሚያስወጣውን ነዳጅ ከመጀመሪያው ውል ላይ አስገቡት። ሁለተኛው የተቆፈረ የድንጋይ ወይ የገረጋንቲ ማውጫ ጉድጓድ መሙላት ነው፣ ባለፈቃዱ በጽሁፍ ከተስማማና አካባቢ ጥበቃ ካወቀው ይሄ ጥሩ ስራ ነው፣ ክፍት ጉድጓድ ክረምት ውሃ ይይዝና ልጆች ይገቡበታል። ሶስተኛው ለግለሰብ ግቢ መስጠት ነው፣ ይሄን ስታደርጉ ምን አይነት አፈር እንደሆነ እውነቱን ንገሩት። «ሹፌሩ ይወቀው» ብሎ መተው ግን መጨረሻው ወንዝ ዳር ነው፣ ሌሊት ነው የሚገለበጠው፣ ጠዋት ሰፈሩ ተነስቶ ተራራ ያገኛል።

ጎረቤትና ግንብ

የፍትሐ ብሔር ህጉ በ1952 የወጣ ቢሆንም አንቀጽ 1225 ላይ ያለው ዛሬም ይሰራል፣ የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚጎዳ ወይ የሚያውክ ነገር ማድረግ የለበትም ይላል። ግቢዬ ነው ማለት አይበቃም ማለት ነው። ስለዚ ከታች ያለውን ጎረቤት መጀመሪያ ቡና ጠጥታችሁ አነጋግሩ፣ አጥሩን ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ስንጥቅ ካለው ያለውን ስንጥቅ አብራችሁ እዩት። ሙሌቱን አጥር ላይ አታስደግፉት፣ የራሳችሁን የድጋፍ ግንብ በወሰናችሁ ውስጥ ስሩ፣ በድንጋይ ወይ በጋቢዮን (በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ)። በድንጋይና ሲሚንቶ ከሆነ በየ1.5 ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቱቦ አስገቡ፣ ከኋላው ጠጠር ይሁን፣ ቱቦው የሚያወጣው ውሃ ደግሞ በቦይ ተይዞ ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ እንጂ ወደ ጎረቤት በር አይሂድ። ግንብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የታጎረው ውሃ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ስሩ። ግንቦት ላይ የሚገለበጥ አፈር ሳይጠቀጠቅ ሰኔ ይደርስበታል፣ ሹፌሮቹ ደግሞ በጣም የሚለምኑት ያኔ ነው ምክንያቱም ሁሉም ቁፋሮውን ከክረምት በፊት መጨረስ ይፈልጋል።

መኪና ሲመጣ ሳይገለብጥ በፊት ላዩ ላይ ውጡና በአካፋ መሃሉን ቆፍራችሁ እዩ፣ ፌስታል ወይ ጥቁር አፈር ካለበት መልሱት፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ቢያጆውን እየቆጠራችሁ የመኪናውን ታርጋና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከየትኛው ሳይት እንደመጣም ጨምሩበት። እኔ ያኔ ይሄን ስላልያዝኩ ዋልካውን ያመጣው የትኛው መኪና እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። የእትዬ አጥር አሁን ቆሟል፣ ከኋላው የኔ የድንጋይ ግንብ አለ፣ አምና ሐምሌ ላይ አብረን ወጥተን ቱቦዎቹን አየናቸው፣ ሁሉም ንጹህ ውሃ ያወጡ ነበር።